አገጭ ትንሽ ዝቅ

«ይሄ እሱ አይደለም» አለ ጡረተኛው ሹፌር፣ ገና ወንበሩ ላይ ሳይደላደል።

ክሱ የቀረበበት ፎቶግራፍ ከመጻሕፍት መደርደሪያው ራስ ላይ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ነጭ ጀርባ፣ መነጽር ያላደረገ ፊት፣ ግጥም ያለ አፍ። የፍሬሙ ማቆሚያ ስለላላ ፎቶው ወደ ኋላ ያጋድላል። ሟቹ ሊያጽናና የመጣውን ሰው ሁሉ ትቶ ኮርኒሱን የሚመረምር ይመስላል።

«ምኑ ነው እሱ ያልሆነው?» አለች የሟቹ ታላቅ እህት፣ የሻይ ትሪ እያዞረች።

«ሳቁ የለማ! ይሄ ትራፊክ አስቁሞ መንጃ ፈቃድ የጠየቀው ሰው ነው። ይሄን ፊት እኔ አውቀዋለሁ። ዕድሜ ልኬን መሪ ላይ ሆኜ ለብሼዋለሁ።»

አንዱ ሻይ ብርጭቆው ውስጥ ሳቀና ትን ያለው መሰለ። ከዚያ ሁሉም በቆረጣ ወደ ሟቹ ሚስት፣ ወደ መምህርቷ፣ አዩ። ሐዘንተኛዋ ሳትስቅ መሳቅ ነውር ነው።

«እሱ ነው» አለች መምህርቷ በዝግታ። «ያነሳሁት እኔ ነኝ።»

ሌላ አልጨመረችም። ከቀብሩ ወዲህ ንግግሯ ሁሉ እንዲህ አጭር ነው። ሰው እንባዋን ይጠብቃል፤ እሷም እንባዋን ትጠብቃለች። እነሱ እንዲመጣ፣ እሷ እንዳይወጣ። ብዙ ዓመት ክፍል ውስጥ ቆማ ስታስተምር የለመደችው ነው፤ ተማሪ ፊት ድምፅ አይሰበርም።

ባሏ ፎቶ አንሺ ነበር። እዚህ ክፍል ውስጥ ከተቀመጠው ሰው መካከል አንድ ቀን የእሱ ስቱዲዮ ወንበር ላይ ያልተቀመጠ የለም። ሙሽራ ሆነ ተመራቂ፣ ጥርሱ የወለቀ ሕፃን ሆነ ጥርሱ ያለቀ ሽማግሌ፣ ከዚያ ወንበር ላይ አንድ ቃል ሳይሰማ የተነሳ የለም፤ «አገጭ ትንሽ ዝቅ… እንደሱ!» የሰፈሩ ልጆች ስሙን ረስተው «አገጭ ዝቅ» ሲሉት ኖሩ። መንገድ ላይ ሲያገኙት አገጫቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ሰላም ይሉታል፤ እሱም በጣቱ አገጫቸውን ቀና አድርጎ፣ «በዛ! አሁን ደግሞ ጫማህን ነው የማነሳው» ይላቸዋል።

እንዲህ ያለው ሰው ታዲያ የራሱ ፎቶ አልነበረውም። ሲሞት ታላቅ እህቱ መሳቢያውን ሁሉ ገለበጠች። ሙሽሮች አገኘች፤ ተመራቂዎች አገኘች፤ ዛሬ ጢም ያበቀሉ ሕፃናት አገኘች። ወንድሟን ግን አላገኘችም። ያለው በቅርቡ ለቪዛ የተነሳው ጉርድ ፎቶ ብቻ ነበር። እሱንም ከስቱዲዮው ጎን ሱቅ ያለው ተቀናቃኙ፣ ሰው ሁሉ «ቶሎ ቶሎ» የሚለው ፎቶ አንሺ፣ ማንም ሳይልከው ከእጇ ወስዶ፣ አሳድጎ አትሞ፣ ፍሬም ውስጥ ከትቶ ይዞ ደረሰ።

ታላቅ እህቱ ትሪውን አስቀመጠችና መምህርቷን በዓይኗ ወደ መኝታ ክፍል ጠራቻት። በሩን ገርበብ አደረገች።

«አልጋው ላይ ያየሁት ፖስታ ምንድን ነው?» አለች በሹክሹክታ።

«የሕክምና ምርመራው ነው፣ እታለም። የቪዛው። ነገ ጠዋት ነው።»

«ነገ? አፈሩ ሳይደርቅ?»

«ቀጠሮው የተያዘው እሱ እያለ ነው። ለሁለታችንም አንድ ላይ።»

«ሐኪም ቤቱ እግር የለው፤ የትም አይሄድ። ሐዘን ላይ ነኝ፣ ሌላ ቀን ስጡኝ በያቸው።»

«ሌላ ቀን የላቸውም። ጠይቄአለሁ። ኤምባሲው የሚጠራኝ በሚቀጥለው ሳምንት ነው፤ ውጤቱ ቀድሞ ካልደረሰ ያም ይቀራል። ከቀረ ደግሞ እንደገና ወረፋ ነው። እስከዚያ ልጅቷ ትወልዳለች።»

ታላቅ እህቱ አፏን በመዳፏ ያዘች።  የመምህርቷና የባሏ አንድያ ልጅ ባሕር ማዶ ከሄደች ቆይታለች። ለአባቷም ለእናቷም ለየብቻ ማመልከቻ አስገብታ፣ ሁለቱን ባንድ አውሮፕላን ልትቀበል ስትጠብቅ ነው የኖረችው። የፊተኛውን ጽንስ ማንም አጠገቧ ሳይኖር አጥታዋለች። አሁን የያዘችው ሁለተኛው ነው፤ ሐኪሟ አውሮፕላን ስለከለከላት የአባቷን ቀብር በስልክ መስታወት አየች። ትናንት ስትደውል «ነይልኝ» አላለችም። «እማ፣ አንቺ እንደመሰለሽ» ብቻ ነው ያለችው። ብታለቅስ ይሻል ነበር።

«ሰውስ?» አለች ታላቅ እህቱ በመጨረሻ። «ባሏን ቀብራ የቪዛ ፎቶዋን ይዛ ወጣች አይልም?»

«ይላል» አለች መምህርቷ። ፖስታውን አንስታ ትራሷ ሥር ከተተችው።

*

ፎቶውን የተነሱት ከጥቂት ሳምንታት በፊት ነበር። እሱ የኤምባሲውን መመሪያ እንደ ዜና አንባቢ ቆሞ አነበበላት።

«መነጽር አይፈቀድም። ፈገግታ አይፈቀድም። ፊት ላይ ጥላ አይፈቀድም። ፎቶውን ማሳመር፣ ማስዋብ፣ ማረም በፍጹም አይፈቀድም።» ወረቀቱን አጣጠፈው። «ይሄ ሕግ ሳይሆን የእኔን እንጀራ ለመዝጋት የወጣ አዋጅ ነው። ወይ ጉድ! ሰው ልጁ ዘንድ ሊሄድ እንደ እስረኛ ይነሳል?»

«ይልቅ ቶሎ በል፤ ይመሻል።»

«ቶሎ ቶሎ ጎረቤት ነው፤ ተሳስተሻል።»

እሷን አስቀድሞ አስቀመጣት። መብራቶቹን አንዱን ከግራ አንዱን ከቀኝ እኩል አቆመ፤ ሁለቴ ሄዶ ነካካቸው። ጥላ የሌለው ፊት እንደ ታጠበ ሳህን ነው እያለ አጉረመረመ። ከዚያ ካሜራው ኋላ ገብቶ ሳያነሳት ቆየ። 

«ምነው?»

«ምንም። መብራቱ ነው።»

«መብራቱ ምን ሆነ?»

«ሁሉን ያያል» አለና አነሳት።

ቀጥሎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። የት ቆማ የቱን እንደምትጫን አሳያት። እሷም ካሜራውን ይዛ፣ ድምፅዋን እንደሱ አወፍራ፣ «አገጭ ትንሽ ዝቅ» አለችው። በዚያ ወንበር ላይ ይህን ቃል ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር መሰል፣ እስኪያለቅስ ሳቀ። አፉን ዘግቶ ተስተካከለ፤ እንደገና ፈነዳ። እሷ ታገሰችው። ሳቁ አልቆ ከንፈሩ ሲገጥም፣ ገና ጉንጩ ሳይረጋ፣ አነሳችው።

ስለዚህ ሹፌሩ ተሳስቷል። ያ አፍ የተዘጋው ሳቅ ላይ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ግን በዓለም ላይ አንድ ብቻ ቀርቷል።

*

ጠዋት መምህርቷ ጥቁር ሻርፗን አስራ ከመኝታ ክፍል ስትወጣ ታላቅ እህቱን ጫማዋን አድርጋ በሩ ላይ ቆማ አገኘቻት።

«ምንድን ነው?»

«ምን ምንድን ነው? ብቻሽን ልትወጪ ኖሯል? ያንቺስ ነገር!»

ሳሎኑ ውስጥ ያደሩትና በጠዋት የመጡት ሰዎች ቀና አሉ። አንዲት ጎረቤት የጎረቤቷን ክርን ነካች። ሹፌሩ ግን በሹክሹክታ አያምንም፤ በግልጽ ጠየቀ።

«ወዴት ነው?»

«ሐኪም ቤት» አለች ታላቅ እህቱ ፈርጠም ብላ።

«እሰይ!» አለ ሹፌሩ። «እኔ እኮ ትናንትም ብያለሁ። እህል ካፏ ካልገባ ስንት ጊዜዋ ነው? ውሰጃት፣ ውሰጃት! ግሉኮስም ካላችሁ አስደርጉላት።»

«አዎ፣ ፊቷ ነጥቷል» አለች ክርን የነካችው።

«አንድ ነገር ብትሆንስ? የሱ ይበቃናል» አለ ሌላው።

መንገድ ላይ ከወጡ በኋላ ታላቅ እህቱ ቦርሳዋን ብብቷ ሥር አጥብቃ ይዛ፣ «አልዋሸሁም» አለች። «ሐኪም ቤት አይደል የምንሄደው?» መምህርቷ ከቀብሩ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከንፈሯ ጫፍ ላይ አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ ተሰማት።

ክሊኒኩ ለቪዛ ምርመራ ከተፈቀደላቸው ጥቂቶች አንዱ ነው። የመጠበቂያው ክፍል የታመመ ሰው የለበትም። ሁሉም ለብሶ አጊጦ፣ ፓስፖርቱን እንደ ሙሽራ እቅፍ አበባ ደረቱ ላይ ይዞ ተቀምጧል። ሕፃናት አዲስ ጫማ አድርገዋል። ከእነሱ መካከል ጥቁር የለበሱት ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

መስኮቱ ኋላ ያለችው ነርስ ወጣት ናት፤ ድምፅዋ የለሰለሰ። ፓስፖርቱን ተቀብላ ኮምፒውተሩን አየች።

«ቀጠሮው የሁለት ሰው ነው የሚለው። ባለቤትዎ ቆይተው ነው የሚመጡት?»

«አይመጣም።»

«ቀጠሮውን ላዛውርላቸው?»

መምህርቷ የመስኮቱን ጠርዝ ያዘች። አንድ ቀላል ቃል አለ፤ ሰው ሁሉ የሚለው፤ ከአፏ ግን ገና አልወጣም።

«እሱ ቀርቷል» አለች።

ነርሷ ቀና ብላ ሻርፑን አየች። የምትጽፍበት እጅዋ ቆመ። «እግዜር ያጽናዎት፣ እናቴ» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ሥራዋን በፊተኛው ጥንቃቄ ቀጠለች፤ ለዚህም መምህርቷ በልቧ አመሰገነቻት። «ፎቶ ይዘዋል?»

ፖስታውን ሰጠቻት። ባሏ አሽጎ የሰጣት ነው፤ በወጉ እንኳ አላየችውም ነበር። ነርሷ ከፈተችው።

«መነጽርዎን ያውልቁልኝ።»

አወለቀች። ክፍሉ ደበዘዘ። ነርሷ ፎቶውን አንስታ ከፊቷ ጎን አድርጋ አየች፤ ፊቷን፣ ፎቶውን፣ ፊቷን።

«አዝናለሁ፤ ይሄንን መቀበል አልችልም። ፎቶው ተነክቷል።»

«እንዴት ነው የተነካው?»

«ቅንድብዎ ላይ ያለው ጠባሳ እዚህ የለም። ጠፍቷል። በኮምፒውተር ነው የሚያጠፉት። ይሄን ብልክ መዝገቡን እንዳለ ነው የሚመልሱት።»

መምህርቷ መነጽሯን መልሳ አደረገችና ፎቶውን ተቀበለች። ግራ ቅንድቧን ለሁለት ከፍሎ ወደ ግንባሯ የሚወጣው ቀጭን ነጭ መስመር የለም። ቅንድቡ ሙሉ ነው፤ ፀጉሩ አንድ በአንድ ተተክሏል። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ የችኮላ ሥራ አይደለም።

«ሌላ አለዎት?»

«የለኝም።»

ነርሷ ወደ ግድግዳው ሰዓት ዞር ብላ አሰበች። «እንዲህ እናድርግ። ደሙንና ራጁን አሁን እንጨርሰው። ፎቶውን ከመዝጋታችን በፊት ካደረሱልኝ ዛሬውኑ እልካለሁ። ከዘጋን ግን በእጄ አይደለም፤ የቃለ መጠይቁ ቀን ያልፍዎታል።»

ደሟን ሰጠች። ተመዘነች። ራጅ ክፍሉ ውስጥ ደረቷን ቀዝቃዛው ሰሌዳ ላይ አስጠግታ ቆመች። «ትንፋሽ ይሳቡ» አለ ባለሙያው ከመስታወቱ ኋላ። «ይያዙ።» ያዘች። አንድ ነገር ጠቅ አለ፤ መብራት በራ። እሷ እንደያዘች ነው። «ጨርሰናል እኮ፣ እናቴ» አለ ብቅ ብሎ። «ይልቀቁት።»

*

ኮሪደሩ ላይ ታላቅ እህቱ አግዳሚ ወንበር ይዛ ትጠብቃታለች። መምህርቷ ፎቶውን ጭኗ ላይ አኖረችላት።

«ወንድምሽ ያደረገውን እዪ።»

«ምን አደረገ? አሳምሮሻል።»

«ሕጉን ያነበበልኝ እኮ እሱ ነው!» ድምፅዋ ከፍ አለ፤ አዲስ ጫማ ያደረገ ሕፃን ዞሮ አያት። «ቆሞ፣ ጮክ ብሎ! ማረም አይፈቀድም ብሎ አንብቦ ሲያበቃ ሄዶ አረመው! ሰው እንዲህ ይሠራል? አሁን የት ልሂድ? ማን ያነሳኛል? ማንን ልጠይቅ?»

የመጨረሻው ጥያቄ መሐል ላይ ተሰበረ። አፏን ዘጋች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ታላቅ እህቱ ዕድሜዋን በልብስ ስፌት የጨረሰች ሴት ናት፤ ፎቶውን ወደ ብርሃን አቅርባ እንደ ጨርቅ መረመረችው። ከዚያ እጇን ዘርግታ የመምህርቷን ፊት ወደ ራሷ መለሰችና ጠባሳውን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው።

«ሐኪሙ ሲሰፋው ቸኩሏል» አለች። «እኔ ብሆን ስፌቱ አይታይም ነበር። ያን ቀን የት እንደሄደ ነግሮሽ ያውቃል?»

«የቱን ቀን?»

«መብራቱ የወደቀብሽን ቀን ነዋ።»

መምህርቷ ያን ቀን ታውቀዋለች፤ ቤት ውስጥ እንደ ተረት ስንቴ ተወርቷል። ዩኒቨርሲቲ ልትመረቅ ጥቂት ሲቀራት የመመረቂያ ፎቶ ልትነሳ ሄደች። ወጣቱ ፎቶ አንሺ አገጯን ሊያስተካክል ሲንደረደር የመብራቱን ዘንግ በእግሩ ጠለፈ፤ ዘንጉ ወርዶ ቅንድቧ ላይ አረፈ። ክሊኒክ ወሰዳት። ከዚያ ስፌቱ እስኪወጣ ድረስ በየቀኑ ዶርሚተሪው በር ላይ እየቆመ «ዛሬስ እንዴት ዋለ?» ይላል፤ እንደ ሕፃን ስለ ቅንድቧ ይጠይቃል። የዘበኛው መሳቂያ ሆኖ ነበር። ዘመዶቿ ደግሞ፣ ዲግሪ ይዛ ለፎቶ አንሺ? አሉ። እሷ ሰው ሲጠይቃት፣ «ሌላዋ በቀለበት ትታጫለች፤ እኔን ያጨኝ በብረት ዘንግ ነው» ትላለች። እሱ ሁሌ ይስቃል። ሁሌ ይስቃል ብላ ነበር የምታስበው።

«አንቺን ዶርሚተሪ አድርሶ የመጣው እኔ ዘንድ ነው» አለች ታላቅ እህቱ። «ሸሚዙ ደም በደም። ሰው የገደለ መስሎኝ መቀሴን ጣልኩ። እዚያው የጨርቅ ቁራጭ ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ልጅ አለቀሰ። ‹ፊት ማሳመር ሥራዬ ነው እያልኩ የሰው ልጅ ፊት አበላሸሁ› አለ። ካሜራውን ልሸጥ ነው ብሎኝ ነበር እኮ። በስንት ልመና!»

«ይሄን ነግሮኝ አያውቅም።»

«ምኑን ይንገርሽ? አንቺ ትስቂያለሽ። እሱም አብሮሽ ይስቃል።»

 ቤት ያሉት ፎቶዎች አንድ በአንድ በመምህርቷ ዓይን ዞሩ። የሠርጋቸው። ልጅቷ ስትወለድ። ልጅቷ ስትመረቅ። በሁሉም ላይ ብርሃኑ ከቀኝ ይመጣል፤ በሁሉም ላይ «ፊትሽን ትንሽ ወደዚህ» ብሏታል። ሰው ሲያነሳቸው እንኳ ሁልጊዜ በግራዋ ነው የሚቆመው፤ ግማሽ እርምጃ ቀደም ብሎ፣ ትከሻው ጥላውን ቅንድቧ ላይ እስኪጥል ድረስ። በፎቶ ላይ ጠባሳ ኖሯት ስለማያውቅ ዓይኗም ፈልጎት አያውቅም። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ፎቶዋን አልነካም፤ በብርሃን ብቻ ነው የሸፈናት። ኤምባሲው ጥላውን ሲከለክለው ግን የቀረው እጁ ብቻ ነበር።

«ተነሺ» አለች ታላቅ እህቱ ስልኳን ከቦርሳዋ እያወጣች። «ያን ችኩል ልጥራው። የስቱዲዮው ቁልፍ ካንቺ ጋ ነው?»

*

ቶሎ ቶሎ ከለቀስተኞች መሐል ተነስቶ እየሮጠ መጥቶ፣ እነሱ ሲደርሱ በሁለቱ ሱቆች መካከል ቆሞ ጠበቃቸው።

«እትዬ፣ ወደኔ ሱቅ አልልዎትም» አለ ሳይጠየቅ። «የኔ ግድግዳ ቢጫ ነው። የኤምባሲ ፎቶ ብሎ የሚመጣብኝን ሁሉ ወደሱ ነበር የምልከው። ‹አንተ ሰው ዓይኑን ሳይገልጥ አንስተህ ትጨርሳለህ› ይለኛል። ይሰድበኛል፣ ግን ይቀበላቸዋል።»

መምህርቷ ቁልፉን ሰጠችው። እሱ ግን ወደ ኋላ አለ፤ እሷው ከፈተችው።

ስቱዲዮው እሱ እንደተወው ነው። ሹራቡ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል። ነጩ ጨርቅ ተወጥሮ፣ ወንበሩ መሐል ላይ፣ ሁለቱ መብራቶች በግራና በቀኝ እኩል ቆመዋል። ከዚያ ቀን ወዲህ ደንበኛ ቢመጣም መብራቶቹን አላነሳቸውም ማለት ነው። ወይም የመጣ ደንበኛ አልነበረም። ጤናው ሲከዳው ለማንም አልተናገረም፤ ልቡ ባንድ ጊዜ ነው የቆመው።

ተቀመጠች። መነጽሯን አውልቃ ለታላቅ እህቱ ሰጠች። ሻርፑንም ፈታች። ቶሎ ቶሎ መብራቱን አበራና ካሜራው ኋላ ቆመ።

ያ ችኩል ሰው ዛሬ አልቸኮለም። ካሜራውን አንስቶ ወደ ዓይኑ አስጠጋ፤ መለሰው። መብራቱን ሄዶ ነካ፤ መንካት የማያስፈልገውን።  ፊቷ ቀና ብሏል፤ ትንሽ መውረድ አለበት። ይህን ደግሞ በዚህ ክፍል ውስጥ የሚናገር አንድ ሰው ነበር።

«እትዬ… አገ…» አለና ቆመ።

ከዚያ ቃሉን ተወው። ካሜራውን ዝቅ አድርጎ፣ መንገድ ላይ ልጆቹ እንደሚያደርጉት፣ የራሱን አገጭ ወደ ደረቱ አወረደ።

መምህርቷ አየችው። መነጽር ባይኖራትም ገባት። አገጯን ትንሽ ዝቅ አደረገች። እንባዋ በዚያው መጣ፤ አልጠበቀችውም።  ታላቅ እህቱ ቀርባ በሻርፑ ጫፍ ጉንጯን አደረቀችላትና ከነጩ ጨርቅ ፊት ገለል አለች። ቶሎ ቶሎ ታገሰ። እስኪረጋ ታገሰ። ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ አነሳት።

ፎቶው ኮምፒውተሩ ላይ ሲወጣ እጁ በልማድ ወደ ማውሱ ሄደ። «ዓይንዎ ሥር ያለውን እብጠት ትንሽ ላ…» ብሎ ጀመረና እጁን እንደ ተቃጠለ ሰው ሰበሰበ። «ለካ አይነካም።»

«አይነካም» አለች መምህርቷ።

ከአታሚው ሲወጣ ገና ሞቅ ያለ ነበር። አንዲት ሴት ከወረቀቱ ላይ አየቻት፤ ዓይኗ ያበጠ፣ ቅንድቧ ለሁለት የተከፈለ። በፎቶ ሲተዋወቁ የመጀመሪያቸው ነው።

ክሊኒኩ ሲደርሱ ጽዳት ሠራተኛው ወንበሮቹን እየገፋ ወለሉን ይወለውል ጀምሯል። ነርሷ ካፖርቷን ለብሳ መስኮቱ ላይ ቆማለች፤ ሳትሄድ ጠብቃቸዋለች። ፎቶውን ከፊቷ ጎን አደረገችው።

«አሁን እርስዎ ነዎት» አለች፤ ማኅተሙንም አሳረፈች።

ለልጅቷ የደወለችው እዚያው ደረጃው ላይ ቆማ ነው።

«ጨርሻለሁ» አለቻት። «እመጣለሁ።»

 ከወዲያ በኩል ልጅቷ አፍንጫዋን ሳብ አድርጋ፣ «ፎቶውስ? አባዬ ያነሳሽ ነው?» አለች።

መምህርቷ አሰበች።

«በእሱ መብራት ነው» አለች።

*

ቤቱ ሲገቡ ሳሎኑ ሞልቷል። ሹፌሩ ወንበሩን ለቀቀላቸው።

«እህስ? ሐኪሙ ምን አለ?»

«ትንፋሽሽን ሳቢ፣ ያዢ፣ ልቀቂ አላት» አለች ታላቅ እህቱ ጫማዋን እያወለቀች።

«ይኸው! አላልኩም? ሐዘን ደረት ላይ ነው የሚቀመጠው» አለ ሹፌሩ ረክቶ። ዙሪያውን የተቀመጡት አንገታቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ዓይኑ ወደ መደርደሪያው ሄደ። «እኛ እዚህ ስናወራ ይሄ ሰውዬ አሁንም ኮርኒሱን ነው የሚያየው። ምናለ አንዳችሁ ብታስተካክሉት?»

መምህርቷ ሳትቀመጥ ወደ መደርደሪያው ሄደች። ከቦርሳዋ ያልተፈቀዱትን ፎቶዎች ከነፖስታቸው አወጣች፤ ሙሉ ቅንድብ ያላትን ሴት። አንድ ጊዜ ብቻ አየቻት። ከዚያ ፖስታውን በጥንቃቄ አጠፈችውና በፍሬሙ ጀርባና በግድግዳው መካከል ከላይ በኩል ሻጠችው።

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብላ ተመለከተች። አልበቃም። ፖስታውን መልሳ አወጣችው፤ እንደገና አጥፋ፣ አወፍራ ሻጠችውና በሁለት ጣቷ ፍሬሙን ከራሱ በኩል ቀስ አድርጋ ወደ ፊት ገፋችው። ዓይኖቹ ከኮርኒሱ ወርደው፣ በሰዎቹ ራስ ላይ አልፈው፣ እሷ ላይ እስኪያርፉ።

«እንደሱ» አለች።